የነቀልኩት ሶኬት

ከልብስ ስፌት ሱቄ ስወጣ ሶኬት እነቅላለሁ። ካውያው፣ ማሽኑ፣ መብራቱ፣ ሁሉም የተሰካበትን ማከፋፈያ በአንድ እጄ ከግድግዳው መንጭቄ ነው የምወጣው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ካውያ እንደተሰካ ረስቼ የሰው ኮት ከነጠረጴዛው ነዶብኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ክር ባይም እበረያለሁ። አንድ ቀን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ስወጣ ፍሪጇን ነቅዬባት ወጥቻለሁ። ውስጡ የነበረው ሁሉ ተበላሽቶ ሦስት ወር አኮረፈችኝ። "ልማድ ነው" አልኳት እንጂ ይቅርታ አላልኳትም። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፌ ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። የሞተው ባሌ እንኳ ሳይሰማው ነው የሄደው።

ይህን ያስቀደምኩት የኋላው ነገር ያለ እሱ ስለማይገባ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሲዘረጋና ሲጠግን ኖሯል። ቀጭን ስለሆነ፣ ከኬብሉም ስለማይለይ፣ ሰፈሩ "ሽቦ" ይለዋል። አምና ስትሮክ መታው። ግራ እጁ ደከመ፣ የአፉ አንድ ጎን ወረደ፣ አንዳንድ ቃል ደግሞ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። መሥሪያ ቤቱ ምስጋናውን ለእሱ፣ ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጠ። እጁን ቀስ በቀስ ተሻለው፣ አፉም በመጠኑ ተመለሰ። ጭራሽ ያልዳነው ሌላ ነው። በር ቆልፎ ጥቂት ይራመድና ለማየት ይመለሳል። እንደገና ይራመዳል፣ እንደገና ይመለሳል። "እትዬ፣ ቆልፌዋለሁ?" ይለኛል። ቆልፎታል። ሁልጊዜም ቆልፎታል። ራሱን ማመን ነው ያቃተው።

እንዲህ እያለን የሰፈራችን ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ተንበርክኬ ጠርዙን ስለካ፣ ዋይፋያቸው ከኋላ ክፍሎች እንደማይደርስ፣ ሰባት ራውተር ቢኖራቸውም ሰባቱም አርጅተው እንደደከሙ አወሩኝ። እስፒሉን በከንፈሬ እንደያዝኩ "ወንድሜ ይሠራዋል" አልኩ። እሱ ከመጋረጃው ኋላ አሳለ። ዝም በይ ማለቱ ነው። እኔ መች ዝም እላለሁ!

ሴትዮዋ ቆፍጣና ናቸው። ጠርተው አዩት፣ ደካማውን እጁንም አዩት። "አንዷን ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሠርተህ አምጣልኝ፣ ወንድሜ" አሉት። "ከሠራች የሰባቱም ሥራ ያንተ ነው፣ ከዚያም በቋሚነት እቀጥርሃለሁ። ካልሠራች ግን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለኝ። እንዳትቀየመኝ።"

ሐሙስ ጠዋት የእኔን የመቁረጫ ጠረጴዛ ግማሹን ወረሰው። ላፕቶፑን ዘረጋ፣ ራውተሯን፣ ያቺን ትንሽ ሣጥን፣ አጠገቡ አስቀመጠ፣ በኬብል አገናኛቸው። ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት።

"ከፋብሪካ ስትመጣ ውስጧ ፕሮግራም ተጭኖባታል። እሱ አርጅቷል። እሱን አውጥቼ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን አዲስ ፕሮግራም እጭንባታለሁ። ከዚያ ሰባቱ እርስ በርስ እየተቀባበሉ እስከ ኋላ ክፍል ያደርሳሉ።"

"ገበር መቀየር በለኛ" አልኩት። "ላዩ ያው ነው፣ ውስጡ ይቀየራል።"

ሳቀ። "ልክ ብለሻል እትዬ። ብቻ ይቺ ገበር ስትቀየር መሃል ላይ መቋረጥ የለባትም። አንዴ ከጀመርኩ አምስት ደቂቃ ማንም እንዳይነካት።"

ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰምቷል። እጄ ነው ያልሰማው።

የሣጥኗን ሆድ ገልብጦ የተጻፈውን ቁጥር አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈው፣ ፋይሉን መረጠ፣ ነካው። "ጀመረች" አለ። የቀትር መድኃኒቱ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሊውጥ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ደግሞ ዚፕ ሻጩ ለምሳ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ፣ ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩ፣ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ መነጨቀ።

ደጃፉን አንድ እግሬ እንዳለፈ ዞር አልኩ። የሣጥኗ መብራቶች ጠፍተዋል። ሮጬ መልሼ ሰካሁት። በራች። ላፕቶፑ በባትሪው ስለሚሠራ ምንም አልሆነም። "በራች እኮ፣ ምን ሆነች" ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ግን ዚፑ ስንት ሳንቲሜትር መሆኑን ረስቼ ነው የሄድኩት።

ስመለስ ወንድሜ ሣጥኗን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከመብራቶቿ አንዷ ብቻ፣ ጉድፍ እንደገባበት ዓይን፣ ያለ ማቋረጥ ትርገበገባለች።

"ሞተች" አለኝ።

"እንዴት ሞተች?"

"ቁጥሩን አሳስቼ አንብቤው ይሆናል። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። የዚያችኛዋን ፋይል ጭኜባት ይሆናል።"

"ሁለት ጊዜ ስታነበው አይቼሃለሁ እኮ!"

"እኔም ያየሁ መስሎኝ ነበር።" በጠመኔ የጻፈውን ደግሞ አየ። "እትዬ፣ ጭንቅላቴ ነው። አልተመለሰም። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አትነግሪኝም እንጂ።"

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዚፑን ከወረቀቱ ማውጣት ጀመርኩ።

እሱ ደግሞ የሞተ ራውተር የሚነሣበትን መንገድ ያውቃልና ሞከረ። በኋላዋ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ አጥፍቶ ያበራታል፣ ይጠብቃል፣ ላፕቶፑን ያያል። ምንም። ደግሞ ምንም። በሦስተኛው ላይ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በሩን ተደግፎ ብቅ አለ። እሱ የሰው ችግር የሚሸተው ሰው ነው።

"ኢንጅነር! ምነው፣ ሬሳ የሚያጥብ ሰው መሰልክ?"

"ሂድ የሰው ፂም ላጭ" አልኩት።

"ዛሬ ሰውም የለ ፂምም የለ። ዋይፋይ ከቸገራችሁ ከእኔ ጥለፉ፣ ፈቅጃለሁ።"

"የፈቀድከውማ እየገባ ነው" አለ ወንድሜ ቀና ሳይል። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም።

ፀጉር አስተካካዩ ሲሄድ ወንድሜ ስልኩን አነሣ። የማንን ቁጥር እንደሚፈልግ አየሁት።

"ምን ልትላቸው ነው?"

"ሌላውን ሰው ይጥሩ ልላቸው ነው። የሣጥኗን ደግሞ እንዴት እንደምተካ አስባለሁ።" ድምፁ ሰላማዊ ነበር። አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ቢናደድ ኖሮ እችለው ነበር። "ሥራው ይቅርብኝ እትዬ፣ ካንቺ ጋር ቁልፍ እተክላለሁ። ቁልፍ ቢያሳስቱት ይፈታል።"

ስልኩ መጥራት ጀመረ። ከእጁ ነጥቄ ዘጋሁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?"

"የነቀልኩት።"

አየኝ። የሞት ሞቴን አወጣሁት። "መድኃኒትህን ልትውጥ ስትገባ፣ ወደ ዚፕ ቤት ስወጣ፣ ማከፋፈያውን መነጨቅኩት። ጠፋች። መልሼ ሰካኋት። በራች ብዬ ሄድኩ። አንተ ምንም አላሳሳትክም።"

እስኪጮህብኝ ጠበቅኩ። ይገባኛልም። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

"ስንት ደቂቃ ሆኗት ነበር?"

"የምን ስንት? መጋረጃውን እንኳ በቅጡ አላለፍክም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እጄ ነው እኮ! የራሴን እጅ አላውቀውም?"

"ፋይሉ ልክ ነበር ማለት ነው?"

"እኔ ስለ ፋይል ምን አውቃለሁ..."

"እኔ አውቃለሁ! ልክ ነበር! ቁጥሩንም ልክ ነው ያነበብኩት!" ተነሥቶ ቆመ። አንዱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አፉ ደግሞ በዚያች ባዘመመችው ጎኑ ሳቀ። "እትዬ፣ እንኳን ነቀልሽው!"

እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሰው አጥፍቶ ይመረቃል? ከማፈሬ የተነሣ "ይቅርታ" የምትለዋ ነገር ሾልካ ወጣች። እሱ አልሰማትም፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ብቻ ወጥታለች፣ አንድ ጊዜ።

"ስሚኝ" አለ። "የተሳሳተ ፋይል ቢሆን መነሻዋንም፣ ስትበራ የሚያስነሣትን ትንሽ ፕሮግራም፣ በልቶት ይሆን ብዬ ነው የፈራሁት። መሃል ላይ ከተቋረጠች ግን መነሻዋ ደህና ነው። ስትበራ፣ ገና ዓይኗን ስትገልጥ፣ አራት አምስት ሴኮንድ ያህል 'ፋይል የያዘ አለ?' ብላ ትጠይቃለች። ላፕቶፑ 'አለሁ' ካላት ትወስዳለች። መልስ ካጣች ወደ ተበላሸው ትመለስና ይሄው እንዲህ ትርገበገባለች።"

"ታዲያ ለምን አለሁ አላልካትም?"

"ብያታለሁ። መሃላችን ላይ ያለው መንገድ ነው የተበላሸው።"

"እንግዲያው መንገዱን ፈልግ!" አልኩት። ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ተኩል።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጠፋ። ለካ ፀጉር አስተካካዩ የፈቀደልን ዋይፋይ ሳንጠራው እየገባ ላፕቶፑን ወደ ጎረቤት ሲጎትተው ኖሯል። ሣጥኗ በኬብሉ ትጣራለች፣ ላፕቶፑ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የጎረቤት ወሬ ያዳምጣል። ብዙ ሰው አውቃለሁ እንዲህ ያለ።

ሞከርን። ምንም።

ቀጥሎ ላፕቶፑ የማያውቀው ጠያቂ ሲመጣ ከበር የሚመልስ ዘበኛ አለው አለኝና እሱን አስተኛው። ሞከርን። ምንም።

ቀጥሎ የላፕቶፑን የቤት ቁጥር እንይ አለ፤ በኔትወርኩ ላይ ያለውን አድራሻ ማለቱ ነው። ሁለቱ እንዲነጋገሩ በአንድ መንደር ውስጥ መሆን አለባቸው፣ የቤት ቁጥራቸው ግን የተለያየ። ያን ቁጥር በእጁ ነው የጻፈው። "አንቺ አንብቢልኝ" አለኝ። እኔ ፊደል ላይ እንቅፋት ይመታኛል፣ ቁጥር ግን ሠላሳ ዓመት በሜትር ስለካ ኖሬያለሁ። መነጽሬን አድርጌ ከላፕቶፑ ላይ አንድ በአንድ፣ ነጥቡን ሳላስቀር አነበብኩለት። እሱ ሊሆን የሚገባውን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ አስተያየ።

"አንዲትም አልሳትክም" አልኩት።

"አልሳትኩም" አለ፣ ለራሱ።

ኬብሉን ቀየርን። ምንም። ኬብሏ የገባችበትን ቀዳዳ ቀየርን። ምንም። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው። ወንድሜ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ እናቴ "ይቺ ልጅ ከበቅሎ ጋር ብትገፋፋ በቅሎዋ ታዝናለች" ትለኝ ነበር። "እኔ እነቅላለሁ፣ እኔ እሰካለሁ፣ አንተ በመርፌህ ቀዳዳዋን ተጫን" አልኩትና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ንቀዪ።" ነቀልኩ። "ሰኪ።" ሰካሁ። "ንቀዪ።" "ሰኪ።"

ወለል ላይ ስለተቀመጥኩ ዓይኔ ከላፕቶፑ ጎን ጋር ትክክል ሆነ። ኬብሉ የገባበት ሥር ላይ ነጥብ የምታህል አረንጓዴ መብራት አለች። ሣጥኗን ስነቅል እሷም ትጠፋለች። ስሰካ ሣጥኗ ወዲያው ትበራለች፣ አረንጓዴዋ ግን ትዘገያለች። ቆጠርኩ። በሁለተኛውም ቆጠርኩ። በሦስተኛውም።

"ሣጥኗ ስንት ሴኮንድ ትጠይቃለች አልከኝ?"

"አራት። ቢበዛ አምስት።"

"ይቺ አረንጓዴ ሰባት ላይ ነው የምትነሣው። ላፕቶፕህ ካልጋው ሳይወርድ እንግዳዋ በሩን አንኳኩታ ሄዳለች።"

ጎንበስ ብሎ አረንጓዴዋን አያት።

"ማሽን ላይም እንዲሁ ነው" አልኩት። "የክሩን ጫፍ ቀድመህ ካልያዝክ፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ክሩ ከመርፌው ይወጣል። ኬብሉን ቀድሞ ይዞ የሚቆይ ነገር የለም?"

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ቃል ጠፍቶበት ነው፣ አውቀዋለሁ። በደህና እጁ አየሩን ይከፍታል ይዘጋል። "ያ... ያ... መሃል የሚገባው... ብዙ ቀዳዳ..."

"ወንፊት?"

"አይ!"

"የአዝራር ቆርቆሮ?"

"እትዬ!" ጠመኔውን አነሣና ጠረጴዛው ላይ ሣለው፤ አራት ማዕዘን ነገር፣ ፊቱ ላይ አምስት ቀዳዳ። ስዕሉን አየሁ። ከስዕሉ አንድ ክንድ ርቆ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ ስቆርጥ ወረቀቱ እንዳይነሣ የምጭንበት ብረት ሣጥን ተቀምጧል። ፊቱ ላይ አምስት ቀዳዳ አለው። ከስንት ዓመት በፊት ራሱ ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ብሎ ያመጣልኝ ነው። ቅድ መያዣ አድርጌው ኖሬያለሁ።

ሁለታችንም አየነው።

"ስዊች!" አለ። ቃሉ መጣለት።

መሃል የሚገባ ሣጥን ነው። የላፕቶፑ ኬብል ወደ እሱ፣ ከእሱ ደግሞ ሌላ ኬብል ወደ ራውተሯ። ሣጥኗ ብትጠፋ ብትበራ ላፕቶፑ ስዊቹን እያየ ንቁ ሆኖ ይቆያል። "ግን ቻርጀር ይፈልጋል፣ የእሱማ ከየት ይመጣል" ብሎ ሊከፋው ሲጀምር ከአሮጌ ዚፖች ካርቶን ውስጥ አውጥቼ ሰጠሁት። እኔ ነገር አልጥልም። በዚህ የሚስቁብኝ ሁሉ ይስሙ።

ሰካነው። የስዊቹ ዓይኖች በሩ። የላፕቶፑ አረንጓዴ ነጥብ በራች፣ ሣጥኗን ስነቅልም በርታ ቀረች።

"እትዬ" አለ፣ መርፌውን ቀዳዳዋ ውስጥ ይዞ። "ሰኪ።"

ሰካሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት ሳልል ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ።

"ወሰደች" አለ በሹክሹክታ። "እየወሰደች ነው። አትንኪ!"

እኔ ልንካ? ተነሥቼ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ማከፋፈያው ፊት ቆምኩ፣ እጄን ደግሞ ብብቴ ውስጥ ቆለፍኩት። ልክ በዚያች ሰዓት ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን ይዞ ገባ፣ ያንን ፀጉር የሚቆርጥበትን። "የእኔ ቤት ሶኬት እምቢ አለኝ፣ ባንቺ አንድ አፍታ ልሰካ..."

"እጅህን እዚህ ብታስገባ እቆርጠዋለሁ!"

"ኧረ በሕግ! ምን ሆናችሁ?"

"ወሊድ ነው። ውጣ!"

ወጣ። ከበሩ ውጭ ሆኖ ግን በመስኮት ያያል። አምስቱ ደቂቃ አልቆ ተጨማሪ ሁለት ደቂቃ ወሰደች። ከዚያ ያቺ የምትርገበገብ መብራት አንድ ጊዜ ጠፋች። ተመልሳ በራች፤ ሳትርገበገብ፣ ረግታ። ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ሣጥኗን ጠየቃት። መልስ መጣ። ደግሞ መልስ። ደግሞ መልስ።

"አለሁ እያለች ነው" አለኝ።

እፎይ ማለት እንዴት እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም አጠገቤ ቁጭ አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጠን አንዴ እንስቃለን አንዴ አፍንጫችንን እንጠርጋለን። ከመስኮቱ ውጭ ፀጉር አስተካካዩ "ወንድ ነው ሴት?" ብሎ ጮኸ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ደረስን። ወንድሜ ሣጥኗን ኮሪደሩ መካከል ላይ ሰቀላት፣ ከነባሩ መስመር ጋር አገናኛት። ምክትሏ ስልካቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ መጨረሻው ክፍል ሄዱ። ጫማቸው ቋ ቋ እያለ ራቀ፣ ቆመ። ምንም አይሰማም። ወንድሜ ደካማ እጁን በደህናው ያዘ። ከዚያ ቋ ቋው ተመለሰ። ሴትዮዋ ከስልካቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ነው የሚመጡት።

"ስድስቱን መቼ ትጀምራለህ?" አሉት።

"ነገ" አለ። ወደ እኔ አላየም። ሁልጊዜ ሰው ሲጠይቀው ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ እኔ ያይ ነበር።

"አስቸገረችህ?"

"መሃል ላይ ተቋርጣ ነበር" አለ። "የታወቀ ነገር ነው፣ ያጋጥማል።" እኔ አፌን ከፍቼ "እኔ ነኝ የነቀልኳት" ልል ስል በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ተውኩት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጥፋት ማመን ለእኔም ይበዛብኛል።

ከዚያ እንደተመለስን ከቀይ ጨርቅ ቁራጭ እጅጌ የመሰለች ትንሽ ከረጢት ሰፋሁ፣ ወፍራም፣ ባለ ሁለት ስፌት። የእሱን ሶኬት ከማከፋፈያዬ ለይቼ ሌላው ግድግዳ ላይ ሰካሁትና አለበስኩት። እጄ ወደዚያ ቢሄድ እንኳ ጨርቁን ሲነካ ይደነግጣል። የቀረውን ግን አሁንም እነቅላለሁ። ልማዴን ተዪ የሚለኝ ካለ መጥቶ ከካውያው ጋር ይነጋገር።

በማግስቱ ጠዋት ስድስቱን ሊጀምር ላፕቶፑንና ቅድ መያዣዬን በቦርሳ ይዞ ከቤት አብረን ወጣን። ቅድ መያዣዬን ወስዶታል፤ አሁን በእሱ ምትክ ድንጋይ ነው የምጠቀመው። በሩን እሱ ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ መንገዱ ሄደ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩት። እንደሚመለስ ነው የማውቀው። አሥር እርምጃ ሄደ፣ ሃያ ሄደ፣ ጥግ ላይ ደርሶ ዞር አለና "እትዬ፣ ምን ትገተሪያለሽ፣ ሰዓት ሄደ!" አለኝ።

እኔ ግን ተመልሼ እጀታውን ሳብ አድርጌ አየሁት።

ቆልፎታል።